ያልጠፋው ምርቃት

ፀጋነሽ ዳንግላ ከተማ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ ስታቀናብር አምስት ዓመት ኖራለች። ቀጣሪዋ ጢሞቲዎስ የስቱዲዮው ባለቤት ነው፤ እሷ በምትዘምርበት የወንጌላውያን ጉባኤ ውስጥም የሚደመጥ ሰው ነበር። እሱ ካሜራውን ይዞ ሠርግ ለሠርግ ይዞራል፤ እሷ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ ትቆርጣለች፣ ትቀጥላለች፣ ድምፁን ታጠራለች። በአምስት ዓመት ውስጥ አንድ ሠርግ ጠፍቶባት አያውቅም።

በ2013 ዓ.ም. ጥር ላይ የሜላትን ሠርግ ሊቀርጹ አዲስ ቅዳም ሄዱ። የሜላት አባት አቶ ዓለምነው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክለው፣ ከሰል አክስለው ልጆቻቸውን ያሳደጉ ገበሬ ነበሩ። ብዙ አይናገሩም። ያን ቀን ግን ሙሽሪት ከቤት ልትወጣ ስትል ከተቀመጡበት ተነሥተው በአዊኛ መረቁ፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ሳያቋርጡ ተናገሩ። ፀጋነሽ አዊኛን ከእናቷ ስለተማረች በኋላ ስታቀናብረው ቃል በቃል ሰማችው። በመካከሉ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሽቱን የሚያመሰግኑበት ቦታ አለ። ወይዘሮ ሽቱ በዚያ ሰዓት ጓሮ ካለው የወጥ ዳስ ውስጥ ስለነበሩ አልሰሙትም። ሰው ነው ኋላ «በሰው ፊት አመሰገነሽ እኮ» ብሎ የነገራቸው።

ፀጋነሽ ከአሥራ አንዱ ደቂቃ አንዲትም ሰከንድ አልቆረጠችም።

መብራት እየሄደ፣ ሥራም ተደራርቦ ቪዲዮው ሳይደርስ ግንቦት ገባ። ግንቦት ላይ አቶ ዓለምነው ሦስት ቀን ታመው ሞቱ። ወይዘሮ ሽቱ ከቀብር እንደተመለሱ ወደ ስቱዲዮው ሰው ላኩ፤ መልእክታቸው «የእሱን ድምፅ ስጡኝ» የሚል ብቻ ነበር።

ፀጋነሽ ዓርብ ዕለት ሁሉንም ሃርድ ዲስክ ላይ ገለበጠችው። ፎልደሩን «ሜላት» አለችው። በውስጡ ፎቶውን ለብቻ፣ ጭፈራውን ለብቻ፣ የወላጆቹንና የሽማግሌዎቹን ምርቃት ደግሞ በየካሜራው ከፋፍላ ፎልደር በፎልደር ውስጥ አስቀመጠች። ከፈተችው፣ እስከ መጨረሻው አየችው፣ ለጢሞቲዎስ ሰጠችው። የስቱዲዮው ኮምፒውተር ሞልቶ ስለነበር ጢሞቲዎስ እዚያ የቀረውን በሙሉ አጠፋ።

እሑድ ሁለቱም ወደ ሐዘኑ ቤት ሄዱ። ጢሞቲዎስ ላፕቶፑን ለቀስተኛው ፊት ከፈተው። ፎቶዎቹ መጡ። ጭፈራውም መጣ። ምርቃቱ ጋ ሲደርስ ግን «ፋይሉን ዲኮድ ማድረግ አልተቻለም» የሚል ጽሑፍ ብቻ ብቅ አለ፤ ማጫወቻው ቪዲዮውን ፈትቼ ማሳየት አቃተኝ ማለቱ ነው። ጢሞቲዎስ ደጋግሞ ነካካው። ያው ጽሑፍ። ወይዘሮ ሽቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እንደለበሱ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው ይጠብቃሉ።

ጢሞቲዎስ እጁን ከላፕቶፑ አነሣ። ቀና አለና ወደ ፀጋነሽ ዞረ።

«ምን አድርገሽው ነው?»

«ዓርብ ከፍቼ አይቼዋለሁ፣ ጋሼ። በደንብ ይሠራ ነበር።»

በዚያው ሳምንት ተጋጭተው ነበር። የታናሽ ወንድሟን ምረቃ ለማየት አንድ ቀን እረፍት ብትጠይቀው ከልክሏት፣ እሷም ሁለት ቀን ሙሉ አኩርፋዋለች። ጢሞቲዎስ ይህን አወጣው።

«ፈቃድ ስለከለከልኳት ነው» አለ ወደ ለቀስተኛው ዞሮ። «በእኔ ላይ ያላትን ቂም በእናንተ ሐዘን ተወጣችው። እንዲህ ያለ ልብ እንዳላት አላወቅኩም ነበር።»

ፀጋነሽ ላፕቶፑን ሳብ አድርጋ ራሷ ሞከረችው። ፋይሉ አልተከፈተም። ለምን እንዳልተከፈተ እሷም አላወቀችም። ወይዘሮ ሽቱ አዩዋትና «ልጄ፣ እኔ ምን አድርጌሽ ነው?» አሉ። አልጮሁም። ቢጮሁባት ይሻላት ነበር።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ዳንግላ ገባ። ጢሞቲዎስ በማግስቱ አባረራት፤ በሳምንቱ የመዘምራን መሪዎችን ሰብስቦ ነገሩን ደግሞ ነገራቸው፣ እነሱም «ለጊዜው» ብለው ከመድረክ አወረዷት። ሌሎቹ ስቱዲዮዎች በራቸውን ዘጉባት። እናቷ ገበያ ስትወጣ «የሟች ድምፅ ያጠፋችው ልጅ እናት» ተባለች። ጢሞቲዎስ ግን በዚህ ነገር ስሙ ከፍ አለ። «የሠራተኛዬን ጥፋት እክሳለሁ» ብሎ የወይዘሮ ሽቱን ቤት ድግስና ተዝካር ሁሉ በነፃ ሊቀርጽ ቃል ገባ፤ ሰውም መረቀው።

ፀጋነሽ ክረምቱ ሳይወጣ እንጅባራ ሄደች፤ ሽማግሌዎቹ ዛሬም ቆሰበር የሚሏት ከተማ። መናኸሪያው አጠገብ ኢልሀም የምትባል ሴት የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አላት። ኢልሀም ብዙ አትጠይቅም። የፀጋነሽን ፈጣን አጻጻፍ አየችና አንድ ጠረጴዛ ሰጠቻት። እዚያ ማመልከቻ እየጻፈች፣ ጉርድ ፎቶ እያነሣች፣ የሰው ፍላሽ ከቫይረስ እያጸዳች ሁለት ዓመት ሊሞላት ተቃረበ። ቪዲዮ አምጥቶ «አቀናብሪልኝ» ያላት ሰው ቢኖር «አልችልበትም» ትል ነበር።

በ2015 ሚያዝያ ላይ አንድ መምህር ፍላሽ ይዞ ወደ ሱቁ ገባ። ጥርባ አካባቢ ካሉ ሽማግሌዎች ለጥናቱ የቀዳው ድምፅ አልከፈት ብሎታል።

«የስምንት ወር ሥራዬ ነው» አላት። «እስከ ትናንት ይሠራ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ይኸው።»

ስትሰካው ያው ጽሑፍ መጣ፦ ፋይሉን ዲኮድ ማድረግ አልተቻለም። እንደ ምንም ራሷን ሰብስባ በሌላ ማጫወቻ ሞከረችው፤ እምቢ አለ። ፍላሹን በኢልሀም ኮምፒውተር ላይ ሰካችው፤ እዚያም እምቢ አለ። አንዱን ፋይል ወደ ራሷ ኮምፒውተር ልትገለብጠው ስትል ግን አዲስ መልእክት መጣ፤ ወደ ፋይሉ የሚወስደው አድራሻ ከልክ በላይ ረጅም ነው የሚል።

«ትናንት ማታ ምን ነካህበት?» አለችው።

«ምንም። የፎልደሩን ስም ብቻ አስተካከልኩ። የጥናቱን ሙሉ ርዕስ ጻፍኩበት።»

ርዕሱ ሁለት መስመር ይሞላል። ፀጋነሽ አጠፋችውና «ጥናት» ብላ ጻፈች። ድምፁ ወዲያው ተከፈተ፤ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው መናገር ጀመሩ።

መምህሩ ደስ ብሎት ሲያመሰግናት አልሰማችውም። ዓይኗ ላይ የመጣው የዚያ እሑድ ስክሪን ነው። ላፕቶፑ ላይ የነበረው ፎልደር «ሜላት» አይልም ነበር። ጢሞቲዎስ ዲስኩን አሳምሮ ለማስረከብ ብሎ ስሙን ቀይሮት፣ ረጅም ነገር ተጽፎበት አይታለች፤ ያኔ ግን ልብ አላለችውም።

መምህሩ ከሄደ በኋላ ራሷ ሞከረችው። አንድ ቪዲዮ ወሰደች፣ እንደዚያን ጊዜው ፎልደር በፎልደር ውስጥ አስቀመጠች፣ የላይኛውን ፎልደር ስም ጢሞቲዎስ በሚወደው ዓይነት ቃላት አስረዘመችው። ማጫወቻው እምቢ አለ። አሳጠረችው፤ ተከፈተ። እንደገና አስረዘመችው፤ እምቢ አለ። ጣቷን እያስነካች ፊደሎቹን ቆጠረች። ኮምፒውተሩ ከዲስኩ ጀምሮ እስከ ፋይሉ ስም ድረስ በየፎልደሩ ላይ የተጻፈውን ሁሉ አንድ ላይ ይቆጥራል፤ ድምሩ ከሁለት መቶ ስልሳ ገደማ ሲያልፍ ብዙው ፕሮግራም ፋይሉ ጋ መድረስ ያቅተዋል። ፋይሉ ደኅና ነው። መንገዱ ነው የረዘመው። ፎቶና ጭፈራው ከላይ ስለነበሩ ተከፈቱ፤ ምርቃቱ ከሁሉ በታች ስለነበረ ቀረ።

በእሷ ቦታ የተቀጠረው ልጅ ሉቃስ ይባላል፤ አብረው ዘምረዋል። ስልክ ደወለችለት።

«ሉቃስ፣ እናንተ ጋ የፎልደር ስም እንዴት ነው የምትጽፉት?»

«በአጭሩ ነዋ። ጋሼ ጢሞቲዎስ ረጅም ስም ከልክሏል። ወረቀት ራሱ ለጥፎብናል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እኔ ከመግባቴ በፊት የተለጠፈ ነው። ቀን አለበት፤ ፎቶ አንሥቼ ልላክልሽ?»

ላከላት። በጢሞቲዎስ የእጅ ጽሑፍ ነው፦ «የፎልደር ስም ከአሥር ፊደል እንዳይበልጥ። ረጅም ስም ከሆነ ቪዲዮ አይከፈትም።» ከሥሩ ፊርማና ቀን፤ ጥቅምት 2014።

ፀጋነሽ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፋችው። ሰው ይሳሳታል፤ ያን እሑድ ስለደነገጠ በእሷ ላይ አሳበበ፤ ይህን ልታልፈው ትችል ነበር። ጥቅምት ላይ ግን አውቋል። አውቆ ለሌላው ሠራተኛ ማስጠንቀቂያ ለጥፏል፤ ለወይዘሮ ሽቱ ግን «ስሙን ቢያሳጥሩት ይከፈታል» የምትል አንዲት ቃል አልተናገረም። ከተናገረ እሷ ንጹሕ ትሆናለቻ።

ሁሉን ነገር ለኢልሀም ነገረቻት።

«በይ ደውዪላቸው» አለች ኢልሀም። «አሁኑኑ ይክፈቱት።»

«አልደውልም።»

«ለምን?»

«በስልክ ከነገርኳቸው እሱ አንድ ነገር ብሎ ያመልጣል። ‹እኔም ዛሬ ነው የሰማሁት› ይላል። በሰው ፊት ነው ያዋረደኝ። ግንቦት መጨረሻ የአቶ ዓለምነው ሁለተኛ ሙት ዓመት ነው፤ እሱ ሊቀርጽ ይመጣል። ያኔ እሄዳለሁ።»

«አንድ ወር ከምናምን እኮ ነው። እናትየዋስ?»

«ሁለት ዓመት ጠብቀዋል» አለች ፀጋነሽ። ይህን ስትል ድምፅዋ ውስጥ ምንም ርኅራኄ አልነበረም።

ያን ወር ከሥራ በቀር የሠራችው አንድ ነገር ነው፤ የምትናገረውን በልቧ መደርደር። በሚኒባስ ስትሄድ፣ ፎቶ ስታትም፣ ምሳ ስትበላ ጢሞቲዎስን ከፊቷ አቁማ ትጠይቀዋለች። እሱ ሲርበተበት ታየዋለች። እንቅልፏ ተስተካከለ፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ እንደዚያ ተኝታ አታውቅም።

በሙት ዓመቱ ዕለት ላፕቶፗን በቦርሳ ይዛ በሚኒባስ አዲስ ቅዳም ወረደች። በመንገዱ ዳር የከሰል ጆንያ ተደርድሯል። ከወይዘሮ ሽቱ ደጅ ድንኳን ተተክሎ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ምሳ በልቶ ነበር። ጢሞቲዎስ ካሜራውን ትከሻው ላይ አድርጎ በሰው መካከል ይዞራል። ሲያያት ካሜራውን ዝቅ አደረገ።

ሜላት ከጓዳ ወጥታ መንገዷን ዘጋችባት።

«ምን ልትሠሪ መጣሽ? በዛሬ ቀን?»

«እናትሽን ላነጋግር።»

ወይዘሮ ሽቱ ከተቀመጡበት አልተነሡም። ፀጋነሽ ቀርባ ጎንበስ አለች። «እትዬ ሽቱ፣ የሠርጉ ዲስክ አሁንም አለ?»

«አለ። እንጅባራም ባሕር ዳርም አስወስጄው ነበር፤ ተበላሽቷል ብለው መለሱልኝ። ሳጥኔ ውስጥ ነው።»

«ያምጡልኝ። እዚሁ ሰው ፊት ካልተከፈተ እንደመጣሁ እሄዳለሁ፤ ሁለተኛ አያዩኝም።»

ጢሞቲዎስ ፈጠን ብሎ መጣ። «ዛሬ ለዚህ ነገር ቀኑ አይደለም» አለ። «እናታችንን ደግመሽ ልታሳዝኚያቸው ነው? ሌላ ቀን እኔው ራሴ...»

«ይምጣ» አሉ ወይዘሮ ሽቱ። ተነሥተው ራሳቸው ገቡ፤ በሻሽ የተጠቀለለ ዲስክ ይዘው ወጡ።

ፀጋነሽ ላፕቶፑን አግዳሚው ላይ አስቀምጣ ዲስኩን ሰካችው። ፎልደሩ መጣ። የምርቃቱን ቪዲዮ ነካችው፤ ያው የድሮው ጽሑፍ ወጣ። ከኋላዋ ሰው ተነፈሰ። ፀጋነሽ ቀና ብላ ጢሞቲዎስን አየችው። አምስት ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ስትለው የኖረች ልጅ ናት።

«የፎልደሩን ስም አንብበው» አለችው። «አንተ አንብበው። ጮክ ብለህ።»

«ፀጋነሽ፣ ወጣ ብለን እንነጋገር።»

«በሰው ፊት ነው የጀመርከው። አንብብ።»

ሰው ሁሉ ያየዋል። ጢሞቲዎስ ካሜራውን አስቀምጦ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለና ማንበብ ጀመረ። «የተወደደችው የእህታችን የሜላት ዓለምነው እጅግ ያማረና የደመቀ የሠርግ ሥነ ሥርዓት፣ ጥር ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ አዲስ ቅዳም፣ በድንገት ከመካከላችን ለተለዩት ለክቡር አባታችን ለአቶ ዓለምነው መታሰቢያ ይሆን ዘንድ...» ድምፁ እየወረደ ሄደ። «በጢሞቲዎስ ፎቶና ቪዲዮ ስቱዲዮ በልዩ ጥንቃቄ የተዘጋጀ።»

«ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«መቼ?»

«ቅዳሜ። ወደዚህ ልንመጣ ስንል።»

«ዓርብ እኔ ስሰጥህ ስሙ ምን ይል ነበር?»

ጢሞቲዎስ ያስቀመጠውን ካሜራ ሊያነሣ እጁን ዘረጋ።

«‹ሜላት› ነበር የሚለው። ሦስት ፊደል። አሁን አጥፋውና መልሰህ ሜላት በለው።»

ጢሞቲዎስ ወደ ስክሪኑ ተመለሰ። አጠፋው። ሦስቱን ፊደል ጻፈ። ፀጋነሽ ቪዲዮውን ነካችው፤ አቶ ዓለምነው ከነጋቢያቸው ብቅ አሉ።

ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ወደ አግዳሚው ተጠጋ። አቶ ዓለምነው በአዊኛ መናገር ጀመሩ። ለልጃቸው፣ ክፉ ቀን ቢመጣብሽ ሰው አትላኪ፣ ራስሽ ነይ፣ በሩን ለመክፈት እኔው እነሣለሁ አሏት። ዛፉን ሲተክሉ ችግኝ በጀርባዋ እያመላለሰች የረዳቻቸውን ነገሩ። ከዚያ ወደ ጓሮ ዞር ብለው አዩ። ሽቱ አሁን እዚህ የለችም፣ ለእናንተ ወጥ እየሠራች ነው አሉ፤ ሠላሳ ዓመት አብሬያት ስኖር አንድ ቀን አመሰግንሻለሁ ብያት አላውቅም፣ አፌ አይፈታልኝም፤ ዛሬ ግን የሆንኩትን ሁሉ ያደረገችኝ እሷ እንደሆነች እናንተ ስሙልኝ፣ ንገሩልኝ አሉ።

ወይዘሮ ሽቱ መዳፋቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆመው ቀሩ። አላለቀሱም። «መልሱልኝ» አሉ፤ ሜላት መለሰችላቸው፤ ደግመው ሰሙት። ያኔ ሴቶች ደግፈው አስቀመጧቸው።

ፀጋነሽ ይህን ሁሉ ቆማ አየች። ነገር ግን አልጨረሰችም። ስልኳን አውጥታ የወረቀቱን ፎቶ ለሜላት ሰጠቻት፤ «ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው» አለች። ሜላት ማስጠንቀቂያውን አነበበች፤ ቀኑን ስታነብ ድምፅዋ ተለወጠ።

ወይዘሮ ሽቱ ጢሞቲዎስን አዩት። «ጥቅምት ማለት፣ ያቺ ጥቅምት፣ የመጀመሪያው ሙት ዓመት ሳይደርስ?»

«እትዬ...»

«አምና በዚህ ድንኳን ውስጥ ስትበላ ታውቅ ነበር? ዲስኩን ባሕር ዳር ልላከው ስልህ ‹ይሞክሩት› ያልከኝ እያወቅህ ነው?»

«ፈርቼ ነው» አለ ጢሞቲዎስ። «ስሜ እንዳይጠፋ ፈርቼ።»

«ካሜራህን አንሣና ከቤቴ ውጣ።»

ወጣ። ማንም አልነካውም፣ ማንም አልሸኘውም። ፀጋነሽ እስከ አስፋልቱ ድረስ በዓይኗ ተከተለችው፤ ባጃጅ ለማስቆም እጁን ሦስት ጊዜ ሲዘረጋ አየች። ደስ አላት። ያለ ምንም ሐፍረት ደስ አላት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ፈጥኖ ነው የሆነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሦስት ሠርግ ከጢሞቲዎስ ስቱዲዮ ወጥቶ ወደ ሌላ ሄደ። የጉባኤው መዘምራን መሪዎች ሁለት ሆነው እንጅባራ መጡ፤ ይቅርታ ጠየቋት፣ ወደ መድረክ ተመለሽ አሏት። ከጢሞቲዎስም እንድትታረቅ ለመኗት። ውጭ ሚኒባስ ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል።

«የእናንተን ተቀብያለሁ» አለቻቸው። «የእሱን አልቀበልም።»

«ይቅርታ የጠየቀን ሰው...»

«አውቃለሁ በመጽሐፉ ምን እንደተጻፈ። አልቀበልም።»

ሄዱ። ጢሞቲዎስ ከመኪናው አልወረደም። በክረምቱ መግቢያ ሉቃስ ደውሎ ስቱዲዮው እንደተዘጋ፣ ሰውየው ዕቃውን ጭኖ ከዳንግላ እንደለቀቀ ነገራት። «እኔም ሥራ ፈታሁ» አላት ሉቃስ። ይህን አላሰበችበትም ነበር። ኢልሀምን ለምና ከሱቁ ሌላ ጠረጴዛ አስገባችለት።

ወይዘሮ ሽቱም መጡ። አንድ ቅል ማር ይዘው፣ ከሜላት ጋር። ሱቁ ውስጥ በሰው መካከል ሊንበረከኩ ሲሉ ፀጋነሽ ትከሻቸውን ይዛ አነሣቻቸው።

«የተናገርኩሽን እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ» አሉ። «አንቺ እኮ ቂም ብትይዢ ይገባሽ ነበር። ነገሩን እንዳወቅሽ አንድ ቀን ሳታድሪ ሮጠሽ መጣሽልኝ።»

ኢልሀም ከፎቶ ኮፒው ማሽን ቀና ብላ ፀጋነሽን አየቻት። ፀጋነሽ የወይዘሮ ሽቱን እጅ እንደያዘች ቆመች። አንድ ወር ከአንድ ሳምንት አድራ እንደሄደች ልትነግራቸው አሰበች። የሴትየዋን ፊት አየችው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ በደስታ እንዲያያት ስትመኘው የኖረችው ፊት ነው።

«ምንም አይደል፣ እትዬ» አለች።

ከሄዱ በኋላ ኢልሀም ወረቀቱን ከማሽኑ እያወጣች «አልነገርሻቸውም» አለች።

«አልነገርኳቸውም።»

«አንድ ቀን ትነግሪያቸዋለሽ?»

ፀጋነሽ ማሩን ከጠረጴዛው ሥር አስቀመጠች። «አላውቅም» አለች፤ እውነቷን ነው። ከዚያም አንዲት ሴት ጉርድ ፎቶ ልትነሣ ገብታ ነበርና መጋረጃውን ልትዘረጋላት ተነሣች።